የዋሳባው እንደራሴና ስምንቱ ሣጥን

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም.፣ የካቲት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና ዋና ከተማ በኮሎምቢያ ሰማዩ ዝናብ አርግዞ ሳይወልድ ሰነበተ፤ በሰሜንና በደቡብ ጦርነት ጊዜ መድፍ የቦደሰው የምክር ቤቱ ግንብ ገና አልተጠገነም፤ ከግንቡ ውስጥ ግን ምድጃው ይነድዳል፤ እንደራሴዎቹ ትንባሆ ያላምጣሉ፤ ጸሐፊው በሚያንቀላፋ ድምፅ አዲስ ረቂቅ ሕግ ያነብባል። ከኋላ፣ የምድጃው ሙቀት በማይደርስበት ረድፍ፣ አንድ ጥቁር ሰው እጃቸውን አንሥተው ቆመዋል። እኚህ ሰው የተከበሩ ሬንቲ ላድሰን፣ የዋሳባ ደሴት እንደራሴ ናቸው።

እጃቸው ከተነሣ ቆይቷል። አፈ ጉባኤው ወደ ቀኝ ያያል፤ ወደ ግራ ያያል፤ ጣራውንም ያያል፤ ላድሰንን ግን አያይም። አይ ጊዜ! ያ አዳራሽ እኮ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ከነጩ ጥቁሩ የበዛበት፣ ትናንት ባሪያ የነበረው ዛሬ ሕግ የሚያወጣበት አዳራሽ ነበር።

ላድሰን የተወለዱት በዋሳባ፣ በሽማግሌው ኦግል የጥጥ እርሻ ላይ፣ ከባሪያ እናት ነው፤ ጦርነቱ ሲመጣ በታንኳ ሸሽተው ወደ ሰሜኖቹ ገቡና ሰማያዊውን የደንብ ልብስ ለበሱ፤ ፊደል የቆጠሩትም እዚያው ጦር ሠፈር፣ ጢማቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ ባርነት ሲሻር አዲሱን ሕገ መንግሥት ከመከሩት ሰዎች አንዱ ሆኑ፤ ከደሴቲቱ ለምክር ቤት የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ሰውም እሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ነጮች በፈረስ ሆነው ጠመንጃ አንግተው በየምርጫው ቦታ ዞሩ፤ ዘመኑም ተገለበጠ፤ ከጓደኞቻቸው የሞተው ሞተ፣ የተሰደደው ተሰደደ፤ በዚያ አዳራሽ የቀሩት ጥቁሮች በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ላድሰን ቀሩ።

ለምን ቀሩ ቢባል፣ ስለ ሦስት ቃል። ከብቱን አጥሮ ያልያዘ ሰው ከብቱ ይወሰድበታል የሚል የአጥር ሕግ በአገሩ ሁሉ ታውጆ ነበር፤ የዋሳባ ሰው ደግሞ የሚያጥርበት እንጨትም መሬትም የለው፤ ላሙም አሳማውም ከጥንት ጀምሮ በጋራው ረግረግ ላይ እየዋለ ይገባል። ላድሰን ስለዚህ የሚለምኑትን ለምነው፣ የሚሰድባቸውን እሺ ብለው፣ ጉባኤው በተከፈተ ቁጥር በሕጉ ግርጌ ሦስት ቃል ያስገቡ ነበር፤ «ዋሳባ ደሴትን ሳይጨምር» የሚል። የአሥራ አራት ዓመት ሥልጣናቸው ተጨምቆ የቀረው ይኸው ነው። ሰውዬው ከወንበራቸው ከወረዱ ቃሉ ይወርዳል፤ ቃሉ ከወረደ ላሟ ትሄዳለች፤ ይህን በዋሳባ የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ጸሐፊው ያነብብ የነበረው አዲሱ የምርጫ ሕግ ነው። ከእንግዲህ መራጭ ድምፁን በአንድ ሣጥን አይሰጥም፤ ለአገረ ገዥው አንድ ሣጥን፣ ለእንደራሴው አንድ ሣጥን፣ ለዳኛው፣ ለሸሪፉ እየተባለ ስምንት ሣጥን ይቆማል፤ በየሣጥኑ ላይ የሹመቱ ስም ይጻፋል፤ ወረቀቱን ከማይገባው ሣጥን የከተተ ሰው ድምፁ አይቆጠርም። ሕጉ ጸደቀ። ላድሰን እጃቸውን እንዳነሡ ጸደቀ።

በመተላለፊያው ሻምበል ኦግል ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ይህ ሰው የሽማግሌው ኦግል ልጅ ነው፤ እንደራሴ አይደለም፤ ሕጉን ካረቀቁት ጋር ግን ውሎ ያድራል። ሻምበሉን አንቱ ብዬ ካልጠራሁ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፤ እሱም በዕድሜው አንድ ጥቁር ሽማግሌ አንቱ ብሎ አያውቅም።

«ሬንቲ፣ ክንድህ አልዛለም? እንደ ባንዲራ ዘንግ ቆመህ ዋልክ እኮ!»

«ክንዴ ደህና ነው ሻምበል፤ የአፈ ጉባኤው ዓይን ነው የታመመው።»

ኦግል ከልቡ ሣቀ። «ጨዋታህን እወድልሃለሁ። እስቲ ንገረኝ፣ ጥቁር የሚል ቃል በሕጉ ውስጥ ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ነጭስ?»

«እሱንም አልሰማሁም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? ማንበብ የሚችል ያነብባል፤ የማይችል ይጠይቃል፤ አስመራጩ ያነብብለታል። ከዚህ የበለጠ ምን ደግነት ትፈልጋለህ?»

«አስመራጩ ማን ይሆናል?»

«እሱን እግዜር ያውቃል» አለ ኦግል፤ ባርኔጣውንም ደፍቶ ወጣ። እግዜር ብቻ ሳይሆን እሱም ያውቅ ነበር።

ላድሰን ሕጉን ገልብጠው ይዘው ወደ ደሴታቸው ተመለሱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ቢና ወደቡ ላይ ተቀበሏቸው፤ ፊታቸውን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ሩዝና ሽሪምፕ አቀረቡላቸው፤ ከበሉ በኋላ ግን ወረቀቱን ወስደው አነበቡት። ወይዘሮ ቢና ከባላቸው ይልቅ ፈጥነው የሚያነብቡ ሴት ነበሩ፤ ምን ያደርጋል፣ ለሴት ድምፅ የሚሰጥ ሕግ በዚያ ዘመን አልነበረም።

«ስምንት ቃል እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ ቢና። «ወንዶቹን ስምንት ቃል እናስተምራቸው። እስከ ኅዳር ጊዜ አለን።»

«ሞክሬ አይቻለሁ ቢናዬ። መዶሻና መቅዘፊያ የያዘ እጅ በስድሳ ዓመቱ ፊደል ሲያይ ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይቀራል። እኔ የማይቀሩበት መንገድ አለኝ።»

«ምን?»

«ዙሩ።»

ዙሩ ማለት የዋሳባ ሰው በጸሎት ቤቱ የሚያደርገው ነው፤ አንዱ ስንኙን ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል፣ እግር ከመሬት ሳይነሣ እየተንሸራተተ ክብ ይዞራል። ትልቁ ደንብ እግርን አለማጣመር ነው፤ ወደ ኋላ አለመመለስም ነው፤ እግሩን ያጣመረ ጨፈረ ይባላል፤ ጨፋሪ ደግሞ ከጉባኤው ይወጣል። የደሴቲቱ ሰው በባርነት ዘመን ያለ መጽሐፍ መጽሐፍ ቅዱስን የተማረው በዚሁ ዙር ነው፤ በዙር የተማረውን ደግሞ እስኪሞት አይረሳም።

«ሣጥኖቹን ቢያዟዙሯቸውስ?» አሉ ወይዘሮ ቢና።

«እንዴት ብለው? ሕጉ በተራ ጽፏቸዋል፤ ይኸው፤ አገረ ገዥው አንደኛ፣ እንደራሴው አምስተኛ ነው። ሕግ እኮ ነው ቢና! የተጻፈ ነገር ከቦታው አይነሣም።»

ወይዘሮ ቢና ባላቸውን ትኩር ብለው አዩአቸው፤ ወረቀቱንም አጥፈው መለሱላቸው። ላድሰን ጢማቸውን አብቅለው ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸውና በወረቀት ላይ ያረፈ ቃል ለእሳቸው ታቦት ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቀትር በኋላ በጸሎት ቤቱ ወለል ላይ ስምንት በርጩማ በረድፍ ይደረደራል፤ ወንዶቹ እያንዳንዳቸው ስምንት የበቆሎ ቅጠል በግራ እጃቸው ይይዛሉ፤ ስንኙን የሚያወጡት አባባ ኳሽ ናቸው። አባባ ኳሽ የደሴቲቱ ሽማግሌ፣ የጸሎት ቤቱ አለቃ፣ ጥርስ የሌላቸው ግን ድምፃቸው ማዕበል የሚያሻግር ሰው ነበሩ። «አንደኛው ለአገረ ገዥው!» ይላሉ፤ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ፤ ወንዶቹ የላይኛውን ቅጠል በአንደኛው በርጩማ ላይ አኑረው እግራቸውን ሳያጣምሩ ያልፋሉ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ «አምስተኛው ለልጃችን! አምስተኛው ለላሚቱ!» ይላሉ፤ ቤቱ በሣቅና በእልልታ ይናጋል።

አንድ ቀን አንድ ዓሣ አጥማጅ ሁለት ቅጠል ባንድ በርጩማ ላይ ጥሎ ቢያልፍ አባባ ኳሽ ጮኹበት። «አንተ! ለሸሪፉ ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጠኸው እኮ! ዘመድህ ነው እንዴ?»

«እጄ ደርቆ ነው አባባ!»

«እጅህ ደርቆ ሳይሆን ራስህ ባዶ ሆኖ ነው። ከአንደኛው ጀምር!»

ላድሰንም በየእሑዱ አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጡ ነበር። «ማንንም እንዳትጠይቁ» ይላሉ። «ያንብቡልን ያላችሁ እንደሆነ ውሸት ያነብቡላችኋል። የያዛችሁትን በልባችሁ ይዛችሁ፣ በተማራችሁት ተራ ሂዱ፤ አትመለሱ።» ጉባኤው አሜን ይላል። ጥቅምት ሲያልቅ በዋሳባ ሽማግሌ ሆነ ጎረምሳ ዙሩን የሚሳሳት ወንድ አልነበረም።

ምርጫው የዋለው ማክሰኞ፣ ኅዳር በገባ በሰባተኛው ቀን ነው። ድምፅ የሚሰጠው በአሮጌው የጥጥ መዳመጫ ቤት ነበር፤ ሰዉ ከየመንደሩ ከባሕሩ ሙላት ጋር በታንኳ መጣ፤ የክት ልብሱን ለብሷል፤ ወይዘሮ ቢናም በየተራው አስተካክለው የደረደሩትን ወረቀት ለእያንዳንዱ በእጁ ሰጡት። አስመራጩ ሻምበል ኦግል ሆኖ ተገኘ። በበሩ ላይ የሸሪፉ ሰው ጠመንጃ ይዞ ቆሟል፤ በሕጉ መሠረት መራጩ የሚገባው አንድ በአንድ ነው።

ላድሰን መጀመሪያ ገቡ። ስምንቱ ሣጥን በረጅም ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል፤ ጽሑፉን አንድ በአንድ አነበቡ፤ ልክ በሕጉ ተራ ናቸው። ልባቸው አረፈ፤ ስምንቱን ወረቀት ጣሉና «ደህና ይዋሉ ሻምበል» አሉ።

«ደህና ዋል ሬንቲ» አለ ኦግል፤ ፊቱ ፍጹም ሰላም ነበር።

ወጥተው በሰልፉ ፊት ባርኔጣቸውን አነሡ። «ወንድሞቼ፣ ልክ እንደተማርነው ነው!» ሰልፉ በደስታ አጉረመረመ። ምነው ያን ጊዜ ምላሳቸው በተሳሰረ!

ጥቂት ሰዎች ገብተው ወጡ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ «ወለሉ ይጠረጋል» ተባለ፤ ቆይቶም ተከፈተ፤ ሰልፉም መግባቱን ቀጠለ። ወይዘሮ ቢና ከቤቱ ጀርባ በቆመ ጋሪ ላይ ወጥተው በተሰበረው መስኮት አዩ፤ አይተው ወረዱ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ባላቸው ሮጡ።

«ሬንቲ! ሬንቲ፣ ቀየሯቸው! አምስተኛው ላይ ያለው የዳኛው ሣጥን ነው! ያንተን መጨረሻ ላይ ወስደውታል!»

ላድሰን የሰሙትን ማመን አቃታቸው። ወደ በሩ ሄዱ፤ ጠመንጃው ደረታቸው ላይ ቆመ።

«ድምፅህን ሰጥተሃል። ዘወር በል።»

«ሻምበል ኦግል! ሻምበል!» ብለው ተጣሩ። ኦግል እጁን በመሐረብ እየጠረገ ብቅ አለ።

«ምን ሆነሃል ሬንቲ? ሰው ድምፅ እየሰጠ ነው።»

«ሣጥኖቹን አዟዙራችኋል! ይህ ከሕግ ውጭ ነው!»

«እንዴ! አንተ ሕግ አውጪ አይደለህም እንዴ? እስቲ ንገረኛ፣ ሣጥኖቹ በዚህ ተራ ይቁሙ የሚለው በየትኛው አንቀጽ ነው?»

ላድሰን አፋቸውን ከፈቱ። ሕጉን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው ይዘውታል፤ ስምንት ሣጥን ይኑር ይላል፤ ሹመቶቹን በተራ ይጠራል፤ ሣጥኖቹ በዚያው ተራ ይቁሙ ግን አይልም። የትም ቦታ አይልም። ይህን ዓይናቸው ሺህ ጊዜ አልፎታል።

«አይልም» አሉ።

«ተመስገን! ሕግ የሚያውቅ ሰው እወዳለሁ» አለና ኦግል ገባ።

ላድሰን ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ወንድሞቼ፣ ተራውን ተዉት! ተቀይሯል! ያንብቡልን በሉ፣ ጠይቁ!» ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ አናጢ ግራ ገብቶት «የተከበሩ፣ እርስዎ ራስዎ አይደሉ እንዴ አትጠይቁ ያሉን?» አላቸው። ወይዘሮ ቢና ከባላቸው ጋር ሣሩ ላይ ተንበርክከው የአምስት ሰዎችን ወረቀት በአዲሱ ተራ አስተካከሉ፤ አምስቱ በየተራ መግባት ጀመሩ፤ አምስቱም ሳይጨርሱ ወለሉ እንደገና «ተጠረገ»። ወይዘሮ ቢና ጋሪው ላይ ሊወጡ ሲሉ ጋሪው ተወስዶ ነበር፤ መስኮቱም በጣውላ ተመታ።

ከዚያ የሸሪፉ ሰው መጣና መራጭ ታውካለህ ብሎ የላድሰንን ክንድ ያዘ። ከጉባኤው ጎረምሶች ሁለት ሦስቱ መቅዘፊያቸውን አነሡ፤ ላድሰን ግን «ተዉ! ደም ነው የሚፈልጉት፤ ተዉ!» ብለው ከለከሏቸው። እውነታቸውን ነው፤ ከቤቱ ጀርባ በፈረስ የተቀመጡ ሰዎች ይህንኑ ይጠብቁ ነበር። ወስደው ከሰልፉ ባሻገር ባለው የጀልባ መጠለያ ውስጥ አስቀመጧቸው፤ በሩንም ክፍት ተዉት፤ የሚሆነውን እንዲያዩ ይመስለኛል።

አዩ። ሕዝባቸው አንድ በአንድ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ ሲገባ አዩ። የተነገረውም ያልተነገረውም ግራ ሲገባው በሚያውቀው ሄደ፤ በሚያውቀው ደግሞ ሳይሳሳት ሄደ፤ ማንም አልተመለሰም፤ ማንም እግሩን አላጣመረም። ላድሰን እንደዚያን ቀን ያለ ሥርዓት የያዘ ምርጫ በሕይወታቸው አላዩም፤ ሲያዩትም እንደ ሕፃን አለቀሱ።

በመጨረሻ አባባ ኳሽ ወጡ። ጎረምሳ ሳይደግፋቸው በራሳቸው እግር በመጠለያው በኩል መጡ፤ ጆሯቸው ከበድ ስላለ የቀኑ ግርግር አልገባቸውም ነበር።

«ልጄ!» አሉ ከሩቅ። «ስምንቱንም ጣልኩ! አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፍኩም! አምስተኛው ላይ ስደርስ በሆዴ ለላሚቱ አልኩ!»

ላድሰን ተነሥተው ቆሙ። ሊነግሯቸው ፈልገው ነበር፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያዩ አንጀታቸው አልቻለም።

«ጎበዝ አባባ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ውጤቱ በሳምንቱ ተነገረ። ከዋሳባ ሰው ድምፅ የሚበዛው «ከማይገባው ሣጥን የተገኘ» ተብሎ ተጣለ፤ የዋሳባ ወንበር የኦግል ወዳጅ ለሆነ አንድ ጠበቃ ሆነ። ላድሰን ለአቤቱታ ኮሎምቢያ ድረስ ሄዱ፤ አቤቱታ የሚሰማው ምክር ቤቱ ራሱ ነበርና ዳር ቆመው ውለው ተመለሱ። በታኅሣሥ የአጥር ሕጉ ሲታደስ ሦስቱን ቃል የሚያነሣ ሰው አልነበረም። የሸሪፉ ሰዎች በጥር ወር በጀልባ መጥተው ከረግረጉ ላይ ላሙንና አሳማውን ነዱት፤ የወይዘሮ ቢናም ላም ከእነ ጥጃዋ ሄደች፤ እሳቸው አላለቀሱም፤ «ስምንት ቃል ነበር» ብቻ አሉ፤ ይህን ያሉትም አንድ ጊዜ ነው።

ላድሰን በጸሎት ቤቱ ቆመው ለጉባኤው ሁሉን ተናገሩ፤ ሣጥኖቹ እንደተዟዟሩ፣ ተራውን ያስተማሩ እሳቸው እንደሆኑ፣ ጥፋቱም የእሳቸው እንደሆነ። ሰዉ ሰማ፤ አላመነም። ይህ ነው የሚገርመው። «የተከበሩ እኛን እንዳናዝን ብለው ነው» ተባባለ፤ እያንዳንዱም ወደ ቤቱ ሲሄድ የትኛው ሣጥን ላይ እንደሳተ በልቡ ይፈልግ ነበር። አባባ ኳሽማ ከዚያ ቀን በኋላ ስንኝ ማውጣት ተዉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአልጋ ላይ ሳሉ ላድሰንን አስጠሩ።

«ልጄ፣ አምስተኛው ላይ ነው» አሉ ድምፃቸው ተሰባብሮ። «ስቼ ነው። ለላሚቱ ስል ሐሳቤ ሄደብኝ፤ ሳትኩ። የሰዉን ከብት ያስወሰድኩት እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ስንት ጊዜ ልንገርዎት? አልሳቱም! ሣጥኑን ነው የቀየሩት!»

«አንተ ደግ ልጅ ነህ። ይቅር በለኝና ልሂድ።»

ላድሰን እጃቸውን ያዙ። የሚሉትን ሁሉ ብለው ነበር፤ የቀረ ነገር አልነበረም።

«ይቅር ብዬዎታለሁ አባባ» አሉ።

የተከበሩ ሬንቲ ላድሰን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ አናጢነት ሠሩ፤ የምክር ቤት ደጃፍ ዳግመኛ አልረገጡም። በምክር ቤቱ የአባላት መዝገብ ስማቸው ከነዘመኑ ተጽፎ ይገኛል፤ ያስገቡት ሦስት ቃል ግን ከሕጉ ስለወጣ የትም አይገኝም። የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሊቃውንትም የዋሳባን ምርጫ በአንድ መስመር አልፈውታል፤ የደሴቲቱ ጥቁሮች ባለማወቃቸው ወረቀታቸውን ከማይገባው ሣጥን ከተቱ ይላሉ። ታሪክ ያመነው አባባ ኳሽን ነው።